ድልድዩን ማን ይሻገር?

ጃስማያ በእነዚህ ሦስት ቀናት ያላሰበችው ክፉ ነገር አልነበረም። የልጇ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ዝናብ ይወርዳል፤ የሰው ዓይን ይበላታል። ዝንጅብል በማር አፍልታ በጠርሙስ ይዛ ወደ ገበያው ሜዳ ወረደች።

ነገሩን ያመጣችው ራሷ ልጇ ቢንዱ ናት። ሣር ስታጭድ ናርጃንግ የሚባል ጎረምሳ ከወንዙ ማዶ በዘፈን ጠራት፤ እሷም በዘፈን መለሰችለት። ሲቀባበሉ ከርመው፣ ከሦስት ቀን በፊት በገበያው ሜዳ ሊገጥሙ ውርርድ ገቡ። መልስ ያጣ ይሸነፋል። ቢንዱ ከተሸነፈች ድልድዩን ተሻግራ ማዶ ትዳራለች፤ እሱ ከተሸነፈ ወዲህ መጥቶ ከእነሱ ጋር ይኖራል።

"ትወጂዋለሽ?" ብላ ጃስማያ ጠይቃት ነበር።

"እወደዋለሁ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምን ያሟግትሻል? ዝም ብለሽ አትሄጂም?"

"አንቺን ማን ላይ ጥዬ?"

ጃስማያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህች ልጅ በቀር ሰው የላትም። ናርጃንግ ደግሞ የሰባት መንደር ሴቶችን በዘፈን የረታ ነው።

ቢንዱና ናርጃንግ ከረፋዱ ጀምሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተቀባበሉ። የእሱ ወፍራም ድምፅ ከታች ሲጎተት፣ የእሷ ከላዩ ብድግ ሲል፣ ብርቱካን ሻጩ ሚዛኑን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ሲነታረኩ የመጡ ባልና ሚስት ሳያውቁት ተጠጋግተው ቆሙ። ጃስማያም የሟች ባሏን ሳቅ አስታወሰች። ይሄኔ ይበልጥ ፈራች። እንዲህ የሚገጥም ድምፅ ማን ሊለየው ነው?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ናርጃንግ ቆቡን ገፋ አድርጎ ግጥሙን አወረደው፦

"ወንዙ ሞልቶ መጣ፣ ድልድዩም ላላ፤
ዛሬ ከኔ ሂጂ፣ አይመጣም ሌላ!"

የማዶ ወንዶች አስካኩ። "በሉ ጓዟን ሸክፉላት!" አለ ከበሮ መቺያቸው።

ቢንዱ ቀና ብላ ጀመረች፦ "ድልድዩ ከላላ፣ ወንዙም ከሞላ..."

ደንቡ ይኸው ነው፤ ዘፋኟ የመጀመሪያውን ስንኝ ትላለች፣ ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ይደግሙላታል፤ እነሱ ሲያበቁ ሁለተኛውን ካላመጣች አለቀላት። ሴቶቹ ደገሙ። ቢንዱ የጆሮዋን ጫፍ ቆነጠጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ሲጠፋባት የምታደርገው ነው።

"ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ" አለች ጃስማያ በልቧ።

የሴቶቹ ድምፅ ሊያልቅ ነው። ያኔ ጃስማያ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ዘፍና የማታውቀው ሴት፣ ከሴቶቹ መሐል አፏን ከፈተች። "ድልድዩ ከላላ፣ ወንዙም ከሞላ..." ድምፅዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፤ ግን ወጣ። ሴቶቹ ደንግጠው ተከተሏት።

"ኧረ ይበቃል! ስንቴ ነው የሚደገመው?" ጮኹ ወንዶቹ።

"ደንቡ ቁጥር አለው እንዴ?" አለች ጎረቤቷ ዲልሻ። "ከቸኮላችሁ መንገዱ ያውላችሁ! በርቺ፣ እትዬ ጃስማያ!"

ሦስተኛ ደገሙ፤ አራተኛ ደገሙ። ጃስማያ ትንፋሿ ሊቆረጥ ሲል የቢንዱ እጅ ከጆሮዋ ላይ ወረደ።

"አንተ ና ተሻገር፣ ከኛ ቤት ብላ!"

ሜዳው ተናወጠ። ናርጃንግ አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያ ስንኝ እንኳ አልመጣለትም። ከበሮ መቺው ብቻውን መታ፣ መታ፣ እና እሱም ተወው። የሰባት መንደሩ አሸናፊ ላቡን ጠራርጎ ሳቀ። ተነሥቶም ቆቡን አውልቆ የጃስማያ እግር ሥር አኖረው።

"እማማ፣ ቤታችሁ የሚበላው ምንድን ነው?"

"የዳጉሳ ገንፎ" አለች። "ድስቱ ግን ትንሽ ነው። ጣሪያውም ያፈሳል፤ ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትል።"

"ጣሪያ መክደን እችላለሁ።"

"ትወድቅና ደግሞ!"

ቢንዱን ሴቶቹ ተሸክመው ሜዳውን ያዞሯት ጀመር። ጃስማያ ስለ ድስቱ፣ ስለ ጣሪያውና ስለ መሰላሉ እየተጨነቀች ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። ዝንጅብሉን ራሷ ጠጣችውና ያንኑ ስንኝ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉም በላይ ጮኻ ጀመረችው።