ጥሩው አየር እንዳይወጣ

ፀጉር ሠሪዋ አማቷን እንደ ወለዷት አባቷ ነው የምትወዳቸው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን አናጺ ነበሩ፤ የእንጨቱ ብናኝ ደረታቸው ውስጥ ቤቱን ሠርቶ፣ በእርጅናቸው ሳል አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸዋል።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዋ "ቤት ውስጥ አበባ ትከዪ፣ አየሩን ያጠራል" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት። በጣሳው፣ በአሮጌ ባልዲው እየተከለች የሽማግሌውን ክፍል ጫካ አስመሰለችው። "ጥሩው አየር እንዳይወጣብን" ብላም የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቀችው።

ሳሉ ግን ባሰ። ባሏ ጨነቀውና "አባባ እህቴ ጋ ይሂዱ፣ የእሷ ቤት ደረቅ ነው" አለ። ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳቸው ተስማሙ። ሽማግሌው "እሺ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሐሙስ ከሰዓት ልብሳቸውን ልትከት ገባች። ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ስትስብ አንዱን ጣሳ ነካችው፤ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ከኋላው ያለው ግድግዳ ሻግቷል።

"አባባ፣ እኔ ጠዋት ነው ያጠጣሁት። ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?"

"እኔም ማታ ማታ አጠጣለሁ፤ ደክሞሽ ስትገቢ አያለሁና።"

"እንዲህ ከሆነማ አበባ ሳይሆን ዓሣ ነው የምናረባው።"

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው። እሷ ጀርባቸውን እያሻሸች ቀና ስትል መስኮቱን አየችው፤ መስታወቱ አልቦታል። ፀጉር ቤቷ ውስጥም በሩን ዘግተው ፀጉር ሲያጥቡና ሲያደርቁ መስታወቱ እንዲሁ ነው የሚሆነው፤ በሩን ብርግድ ሲያደርጉት ይጠራል። ጨርቁን መዥረጥ አድርጋ መስኮቱን ከፈተችው።

"እንዲህ እየታፈኑ ለምን አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎሽ ተሸክመሽ ስትመጪ፣ እንዴት ብዬ ልጄ?"

"ለእኔ ደስታ ብለው ሊሞቱልኝ ነበር?"

"አይ፣ ሞቱንስ ትንሽ ላቆየው ብዬ ነበር።"

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ወደ ደጅ ስታወጣ ሽማግሌው ሰፋፊ ቅጠል ያላትን ያዙባት።

"ይቺን ተዪልኝ። አየሩን ብታጠራውም ባታጠራውም ከእሷ ጋር አልጣላም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳውን ከማይ እሷን ባይ ይሻለኛል።"

"አፈሩን በጣትዎ ነክተው፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው እንግዲህ የሚያጠጧት።"

"አንቺ እጅሽን ሰብስቢ እንጂ እኔስ አውቅበታለሁ።"

ግድግዳውን በሳሙና ፈትጋ አደረቀችው። መስኮቱም ጠዋትና ከሰዓት ይከፈት ጀመር።

ቅዳሜ ልጃቸው ስትደርስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሳሉ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ሌሊቱን ግን ተኝተው አድረዋል። ልጅቱ ዞር ዞር ብላ፣

"ሻንጣቸው የታለ?" አለች።

"ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት" አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የአማቷን ትራስ እያስተካከለች። "አሁን ላውርደው ብልም አልደርስበትም።"