ሠላሳ ሰባት ወረቀት

ሞጣ ላይ ለሚደረገው የእርቅ ውይይት ከቢቸና ከተመረጡት ሰባት ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔን የነገሩኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርሁ ነው። የመረጡኝ «መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ገለልተኛ ሰው ነው» ብለው ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳውን ጂኦግራፊ አስተምሬበታለሁ። የማንም ፓርቲ አባል ሆኜ አላውቅም። ቢሆንም ገለልተኛ ሲሉኝ ዓይኔን ሰበርሁ።

ለባለቤቴ ለአስናቀች ስነግራት፣ «ሞጣ ከደረስህ ሰውነትን ሳታየው እንዳትመለስ» አለችኝ። «አምስት ዓመት ይበቃል። እሱ ወንድሜ ነው፣ አንተ ባሌ ነህ። በሁለታችሁ መካከል እኔ አለቅሁ።»

ሰውነት የአስናቀች ታላቅ ወንድም ነው። ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሚስቱ ሃናን የአራት ዓመት ልጅ ትታበት ስለሞተች፣ ልጅቱ ያደገችው በሁለት ቤት ነው፤ ምሳዋን እኛ ዘንድ፣ እራቷን አባቷ ዘንድ። እኛ ልጅ አልወለድንም። «ጋሼ» ስትለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የተጣላነው በዚያ በሰኔው ምርጫ ነው። እኔ የአንዱ ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ነበርሁ፤ ሰውነት የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢ። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ እየመታው ተሰልፎ ዋለ። አሮጊቶች በሰው ክንድ ተደግፈው መጡ። ሃና የመጀመሪያ ምርጫዋ ስለነበር ጣቷ ላይ ያረፈውን ቀለም ላገኘችው ሁሉ ታሳይ ነበር።

ሣጥኑ ተከፍቶ ሲቆጠር የድምፅ መስጫው ወረቀት ከመራጮች መዝገብ ፊርማ በሠላሳ ሰባት በለጠ። ፊርማውን የቆጠርነው እኔና ሰውነት ነን። ሰውነት ለፓርቲው ሊደውል ወጣ። በዚህ መሀል ዳምጤ የሚባል የቀበሌ ሹም ወደ ጥግ ሳበኝ።

«መምህር፣ አሸናፊው የበለጠው በብዙ መቶ ድምፅ ነው። ለሠላሳ ሰባት ወረቀት ብለው አገር ያምሳሉ? ውጭ የቆመውን ወጣት አይተውታል?»

በመስኮቱ አየሁት። ግቢው በወጣት ጢም ብሏል። ፈራሁ። ፍርሃቴን ሰላም ወዳድነት ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። መዝገቡን ሳብሁና ካልመጡት መራጮች ስም አጠገብ ባዶ በነበሩት ቦታዎች ላይ በእጄ ፈረምሁ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ፊታቸውን አዞሩ። ሰውነት ተመልሶ «እንደገና እንቁጠር» ሲል ቁጥሩ ልክ መጣ።

«ፊት ተሳስተን ነበር» አልሁት።

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። «እኔ ሠላሳ ሰባት ነው የቆጠርሁት» ብሎ ውጤቱ ላይ ሳይፈርም ወጣ።

ይህንኑ በየደረሰበት ስለተናገረ በሐሰት ወሬ ሕዝብ አነሣሥቷል ተብሎ ታሰረ። ለምስክርነት ተጠራሁ። «የመቁጠር ስሕተት ነበር፤ ወዲያው ታርሟል» አልሁ። ሰባት ወር ተቀመጠ።

በዚያ ሰሞን ሃና ቤት መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። አባዬ ዋሽቷል?»

በዚያች ደቂቃ ሁሉንም ማስተካከል እችል ነበር። እኔ ግን፣ «አባትሽ ሽንፈቱ ከብዶት ነው» አልኋት።

አመነችኝ። አባቷ የተፈታ ዕለት ልትቀበለው ሄዳ እዚያው በር ላይ፣ «አባዬ፣ ጋሼን ይቅርታ ጠይቀው» አለችው። ሰውነት ጥሏት ብቻውን ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሞጣ ሄደ። ማስተማሩንም በዚያው ተወው። ሃና ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ወርቅ አካባቢ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመደበች። በዓል ሲመጣ የምትመጣው ወደ እኛ ነበር። ትስቃለች፣ ታጫውተናለች፤ የአባቷ ስም ሲነሣ ግን ትነሣና ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። እኔም እያየኋት ዳቦ እቆርስላታለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በወረቀት ማመን የተዉ ልጆች በጠመንጃ አመኑ። ካስተማርኋቸው ውስጥ በሁለቱም በኩል የሞቱ አሉ፤ ስማቸውን ስጠራ የኖርሁ ሰው አሁን ለቅሷቸውን እየዞርሁ እደርሳለሁ። ሃና የሞተችው ምጥ የጠናባትን ሴት በአምቡላንስ ይዛ ስትሄድ ነው። ጥይቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አንዱ በሌላው ያመካኛል። ሞጣ ቀበርናት። እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር። ሰውነት ቀና ብሎም አላየኝ። አባቷን ሐሰተኛ ነው እንዳለችው መሞቷን አሰብሁና ለቀስተኛው ሳይበተን ወጥቼ ሄድሁ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ለእርቅ ውይይት ሞጣ የሄድሁት። ሃና ከሞተች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመናገር ስነሣና ስቀመጥ ኖሬአለሁ። በዚህ ጉባኤ ካልተናገርሁ የት እናገራለሁ አልሁ።

አዳራሹ ጥሩ ነበር፤ ውሃ በየጠረጴዛው ተደርድሯል። በቡድን በቡድን ተከፋፈልን። የእኛን ቡድን የምታወያየው ሰብለ ወንጌል የምትባል ትሑት ወጣት ነበረች። አንድ ይታያል የሚባሉ ገበሬ ቀድመው ተነሡ።

«እርቅ ደም ያደርቅ ብለዋል አባቶች፤ እውነት ነው» አሉ። «ግን እኔ የምታረቀው ከማን ጋር ነው? ልጄን የገደለውን አምጡልኝና እግሬ ላይ ይውደቅ፤ ይቅር እለዋለሁ። እኔ ገደልሁ የሚል ሰው በሌለበት ማንን ይቅር ልበል?»

እኔ ተነሣሁ። «በደለኛ ከተፈለገ አንዱ እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርሁ። መዝገቡን፣ ፊርማውን፣ ምስክርነቱን ሁሉ ተናገርሁ። የጣቢያውንም ሆነ የሰው ስም አልጠራሁም፤ የራሴን ብቻ። ሰብለ ወንጌል ማርከሯን አንሥታ ወደ ሰሌዳው ዞረችና፣ «መምህር፣ በጣም እናመሰግናለን» አለች። «ይህ የግለሰብ ጉዳይ ስለሆነ 'በምርጫ ወቅት የታዩ ክፍተቶች' በሚለው ሥር እናካትተዋለን።»

ጻፈችው። ክፍተት። ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍን።

በምሳ ሰዓት ወጥቼ ሰውነት ዘንድ ሄድሁ። ከከተማው ዳር አጣና ይሸጣል፤ የባሕር ዛፍ ልጥ እየላጠ አገኘሁት። ጠጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ አልደነገጠም። «ተቀመጥ» አለኝና አጣናው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ልክ ነበርህ» አልሁት። «ሠላሳ ሰባት ነበር። ልትደውል ስትወጣ መዝገቡን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ልጥ የሚልጥበት እጁ ቆመ። «በእጅህ?»

«በእጄ።»

«የሰውን ፊርማ?»

«አዎ። ለሃናም የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደስ ባለኝ ነበር። እሱ ግን የሚልጠውን እንጨት መሬት አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«እስር ቤት ሳለሁ በየቀኑ እቆጥረው ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በዓይኔ እያመጣሁ። ኋላ ግን ልጄ እንዲያ ስትለኝ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ምናልባት የደከመው የእኔ ዓይን ነው ማለት ጀመርሁ። አንተን ከምጠረጥር ራሴን መጠርጠር ቀለለኝ። ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት ኔትወርክ ተገኝቶ ደወልሁላት። 'ልጄ፣ የተሳሳትሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ይቅር በይኝ' አልኋት። አለቀሰች። 'አባዬ፣ እኔ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነበር' አለችኝ። ታረቅን። ለፋሲካ ልትመጣልኝ ነበር። ታርቄ ነው የቀበርኋት። እስከ ዛሬ ያቆመኝ ያ ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር። አስናቀችም አታውቅም።

«አሁን ምን ቀረኝ?» አለ። «ባልበደልሁት ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ እሷም የዋሸ አባቷን ይቅር ብላ ሞተች። ያቺን እርቅ ነው ዛሬ መጥተህ የወሰድህብኝ።»

«እውነቱን ልነግርህ ብዬ...»

«እውነቱ ያኔ ነበር የሚያስፈልገኝ። እሷ በምትሰማበት ጊዜ። አንተ ዛሬ ሸክምህ ከበደህና እኔ ላይ ልታወርደው መጣህ። አወረድኸው። በል ሂድ።»

ጫማው ላይ ወደቅሁ። አላነሣኝም፤ አልገፋኝምም። ልጡን መላጥ ጀመረ። ራሴው ተነሥቼ ሄድሁ።

ስመለስ በመኪናው ውስጥ ሰዎቹ ስለ ጉባኤው ያወራሉ፤ ጥሩ ነበር ይላሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ። ለሞተው ግን ምን ይጠራለታል? የአገሩን ነገር ሳስበው መውጫው ጠፋኝ። ዝም ብንል የምንታረቀው በሐሰት ላይ ነው። ብንናገር ደግሞ ሰው እንደምንም ብሎ የተደገፈባትን እንጨት ከሥሩ እንነቅላለን። ሦስተኛ መንገድ ካለ እኔ አላየሁትም። ነበረ፤ ያኔ፣ መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቶ ሳለ።

ቤት ስገባ አስናቀች በር ላይ ቆማለች። «ታረቃችሁ?» አለችኝ።

አዎ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከመዝገቡ ጀምሬ እስከ አጣናው ድረስ ሁሉንም ነገርኋት። አላለቀሰችም። ቆማ ሰማችኝና ወደ ጓዳ ገብታ ልብሷን በሻንጣ መክተት ጀመረች። «ወንድሜ ብቻውን ነው» ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው።

በማግስቱ ግን ግንደ ወይን ላይ ተኩስ ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የምትተኛው ሃና ታርፍበት በነበረው ክፍል ነው። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ከእኔ ጋር አትበላም። ጧት ጧት ከመናኸሪያ ስመለስ ብቻ ታናግረኛለች።

«ተከፈተ?»

«አልተከፈተም።»