አሮጌው ሞተር የታጠበበት ዓርብ

ባሌን መኪና ይገድለዋል ብዬ ሃያ ሦስት ዓመት ስሰጋ ኖሬ፣ እሱ አልጋው ላይ ተኝቶ ሞተ። ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጋም እፈራለሁ፤ መኪናውን መፍራት ግን አልተውኩም። በሕይወት ሳለ፣ “አንቺ እኮ ዝናብ ሳይመጣ ጎርፍ የሚወስድሽ ሰው ነሽ” ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ልጄ አምስት ደቂቃ ከዘገየች ልቤ ሆስፒታል ደርሶ ይመለሳል።

ባሌ ከሞተ በኋላ መኪናው አሥራ አንድ ወር ግቢ ውስጥ ቆመ። ልጄ በየሳምንቱ እሑድ ትንሽ ታስነሳውና ታጠፋዋለች እንጂ ከበሩ ወጥቶ አያውቅም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አዋላጅ ነርስ ነች። አሁን የተመደበችበት ጤና ጣቢያ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ሩቅ ቦታ ሆነና እዚያው ልትኖር የአባቴን መኪና ይዤ እሄዳለሁ አለች። ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ነው። ለዚህ ደግሞ መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ዓመታዊ ምርመራውን ማለፍ አለበት። ቅዳሜ ካመለጣት የሚቀጥለው ተራ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሦስት ሳምንት አይጠብቅም፣ ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ ነግራኛለች። እኔ በልቤ የምመኘውን ግን አልነገርኳትም።

ከባሌ ጋር አብሮ ያደገ አንድ መካኒክ አለ። እንደ ብሎን መፍቻው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ካቻቢቴ ይለዋል፤ ልጄም “ጋሽ ካቻቢቴ” ትለዋለች፣ ቅር ብሎት አያውቅም። ኀሙስ ከሥራ ሲመለስ ጎራ አለና ኮፈኑን ከፍቶ አየው። ሞተሩ አይታይም ነበር። ዘይትና አቧራ ተለውሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተለውሶ እንደ ጥቁር ቅርፊት ጋግሮበታል። ካቻቢቴ በጣቱ ጫር አደረገው።

“ይሄማ ሞተር አይደለም፣ የድስት ቂጥ ነው” አለ።

መርማሪዎቹ እንዲህ ያለውን ሞተር ጎንበስ ብለው ሳያዩ እንደሚመልሱት ነገረን። ዘይቱ በየት በኩል እንደሚያንጠባጥብ የሚታወቀውም ሲጸዳ ብቻ ነው። እሱ ራሱ እንዳያጥበው፣ ዓርብ ሩቅ ቦታ የተበላሸ የጭነት መኪና ይጠብቀዋል። ስለዚህ አሠራሩን ለልጄ አንድ በአንድ አስረዳት፤ በሩ ላይ ቆሜ ከሷ ይልቅ ያጠናሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የባትሪው ገመድ ይፈታ። እሳት አጠገቡ አይድረስ። ውሃ የሚጠላውን ሁሉ በፕላስቲክ ሸፍኑት። የተጋገረውን ግራሶ በናፍጣና በብሩሽ አላቁት፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ። ሕፃን እንደምታጥቡ አድርጉት አለን። ልጄ፣ “አዋላጅነቴ ለዚህ ጠቀመኛ” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ እሳት የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርታ ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ጀመርን። ልጄ የባትሪውን ገመድ ፈታች፤ እኔ መፈታቱን ሁለት ጊዜ ነካክቼ አረጋገጥኩ። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ክብ ቤት ፈትታ አነሳችው። ከሥሩ የካርቦራተሩ አፍ ታየ፤ ሞተሩ የሚተነፍስበት ጉሮሮ ነው። ያንን በፕላስቲክ አልብሳ በላስቲክ አሰረችውና ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ብቻዬን ስቀር ፕላስቲኩን አየሁት። ፕላስቲክ ይቀደዳል። ላስቲክ ይላላል። ውሃ ጠብ ብሎበት፣ ሞተሩ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ቀጥ ቢልባትስ? ጨለማ ቢደርስባትስ? ፕላስቲኩን ገለጥ አድርጌ፣ ካቻቢቴ ትቶልን ከሄደው ጥቁር መጥረጊያ ጨርቅ አንዱን ጠቅልዬ ጉሮሮው ውስጥ ወተፍኩት። ፕላስቲኩን መለስኩና ሁለት ላስቲክ ጨመርኩበት። እሳት የሚያስነሱትን ካንዴላዎች፣ ዲናሞውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ደራርቤ ሸፈንኩ። ልጄ ባልዲውን ይዛ ስትመለስ ቆም አለች።

“እማ፣ ሞተሩን ገነዝሽው እኮ።”

እንዲህ ያለ ነገር አይወራም አልኳት።

እሷ ከፊት፣ እኔ ከጎን ሆነን ፋቅን። ናፍጣው ቅርፊቱን ሲያረጥበው እንደ ቀለጠ ሬንጅ ይዝረበረባል፤ እሷ በቀለም ብሩሽ ስትጠርግ እኔ ጣት የማይገባበትን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እከተላለሁ። ቀስ በቀስ ብረት ብቅ አለ። ግራጫ ነው፣ በላዩ ቁጥር ተጽፎበታል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የባሌ ሥራዎች ታዩ፤ በሽቦ የታሰረ ቱቦ፣ በሽቦ የታሰረ መያዣ፣ ብሎን ጠፍቶበት በምስማር የተተካ ቦታ። ባሌ እጁን ያላስገባበት ነገር የለም፤ እስከ መጨረሻው የጠገነውም የለም። ልጄም እያየች ነበር። ሽቦዎቹን ሳትነካ ዙሪያቸውን ፋቀች።

በሳሙና አጥበን፣ አለቅልቀን፣ በጨርቅ አድርቀን ስንጨርስ አሥር ሰዓት ሆነ። ቆሻሻውን ውሃ ወደ ጀሪካን እያጠራቀምኩ ሳለ እሷ መሸፈኛዎቹን ገፈፈች። ጨርቁም ጥቁር፣ ጉሮሮውም ጥቁር ነውና አላየችውም። እኔም ረስቼው ነበር። ማጣሪያውን መልሳ አሰረች፣ ባትሪውን ቀጠለች፣ ገብታ ቁልፉን አዞረች።

ማስነሻው ሞተሪኖ ጮኸ። ሞተሩ ግን አልተነሳም።

ሁለተኛ ስታዞረው ጨርቁ ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። የሆነው ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ዛሬ ካልተነሳ ነገ ምርመራ የለም። ምርመራ ከሌለ ሰኞ የለም። ቦታውን ለሌላ ይስጡት፤ እሷ ቅርብ ቦታ ትፈልጋለች፣ ማታ ማታ በሩ ሲንኳኳ እሷ ትሆናለች። አስቤ ያደረግሁት አልነበረም፤ ከሆነ በኋላ ግን አስቤ ዝም አልኩ።

ልጄ ለካቻቢቴ ደወለች። ውሃ ገብቶበት ነው፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ክዳኑን ከፍተሽ አድርቂው አላት። ከፈተች፣ አደረቀች፣ ዘጋች፣ አዞረች። እንቢ አለ። ካንዴላዎቹን አውጥታ ጠርጋ መለሰች። እንቢ አለ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ቀጥሎ ሌላ። ግቢው ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረ። እኔ ጨርቅ አቀብላለሁ፣ ብሎን እይዛለሁ፣ “ቀስ በይ” እላለሁ። በመጨረሻ ጎማው ላይ ተደግፋ መሬት ቁጭ አለች።

“አባዬ አንድም ቀን አላጠበውም ነበር” አለች። “እኔ ነኝ የገደልኩት።”

አይዞሽ አልኳት። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ብያታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ምላሴ ላይ ከብዳኝ አታውቅም።

ካቻቢቴ እንደገና ደወለና የመጨረሻውን ነገር ነገራት። አንድ ካንዴላ ፈትተሽ፣ ከገመዱ ጋር እንዳለ የሞተሩን ብረት አስነኪው፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ ብልጭታ ካየሽ እሳቱ ይመጣል ማለት ነው፣ ካላየሽ በሽታው እዚያ ነው አላት። የግቢያችንን ሽታ እሱ በስልክ አላሸተተውም።

“እማ፣ ግቢና አዙሪልኝ” አለችኝ።

ገባሁ። ባሌ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶት ስለነበር እግሬ በደንብ አይደርስም። ልጄ በተከፈተው ኮፈን ሥር ጎንበስ ስትል ከፀጉሯ በቀር አይታየኝም። ቤንዚኑ እመኪናው ውስጥ ድረስ ይሸታል፤ ጉሮሮው ተወትፎ፣ ሞተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠጣው ቤንዚን ነው። ፊቷ እዚያ ላይ ነው። እጇ ላይ የምታበራው ብልጭታ አለ። ቁልፉ የኔ እጅ ላይ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የፈሩትን በገዛ እጅ መጥራት እንዳለ ግን ማንም አልነገረኝም።

“አዙሪ” አለች ከሥር።

ቁልፉን ነቅዬ ወጣሁ። በሩን ክፍት ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

“አላዞርም። ካርቦራተሩ ውስጥ ጨርቅ አለ። የወተፍኩት እኔ ነኝ።”

ቀና አለች። መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ካንዴላውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“መጀመሪያ እንቢ ሲል።”

 የማጣሪያውን ቤት ፈታች፣ በፒንሳ ጨርቁን ይዛ ሳበችው። ቤንዚን እያንጠባጠበ ወጣ። ጨርቁን ሳይሆን እኔን አየችኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስተያየት አይታኝ አታውቅም፤ ጩኸት ቢሆን በተሻለኝ። ጨርቁን ከግቢው ጥግ አርቃ ጣለችና ቤንዚኑ እስኪተን ኮፈኑን ክፍት ትታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ልቀመጥ አልደፈርኩም።

“ሥጋትሽን ለኔ ንገሪኝ እንጂ ሞተር ውስጥ አትወትፊው” አለች። “አሁን ንገሪኝ። አንድም ሳታስቀሪ።”

ነገርኳት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ጭነት መኪና፣ ዝናብ፣ ሌባ፣ እንቅልፍ። ስጀምር እስኪነጋ ድረስ የማያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥቂት ናቸው፣ እየተደጋገሙ ነው የበዙብኝ። ሲያልቅብኝ፣ ለራሴም ብዬው የማላውቀው አንድ ነገር አመለጠኝ። ድሮ ስልክ ሲጮህ አባትሽ ያነሳ ነበር አልኳት። እሱ ካለፈ በኋላ አንቺ ታነሺልኛለሽ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ክፉ ወሬ ቢመጣ፣ ስልኩን የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ።

አይዞሽም አላለችኝ፣ አላቀፈችኝም።  ከዚያ ተነሥታ ካንዴላውን መልሳ አሰረች፣ ማጣሪያውን ገጠመች፣ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። ሞተሩ ትንሽ አሳለውና ተነሳ።

ቅዳሜ ብቻዋን ሄደች፤ ልሸኝሽ ብላት እንቢ አለች። መኪናው ምርመራውን አለፈላት። እሑድ ጠዋት ዕቃዋን ጫነች፤ ውሃ፣ ትርፍ ጎማ፣ የእጅ ባትሪ። ሁሉን አይቼ አንዱንም አልነካሁም። መሪው ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ፊቷ ገና አልተፈታም ነበር።

“ስደርስ አልደውልልሽም” አለች። “ስልኩ እዚህ ቤት አይጮህም። የምትደውዪው አንቺ ነሽ፤ የማነሳው እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን እንዳትደውዪ፣ እየነዳሁ ነው።”

እሺ አልኳት። በሩን ዘግቼ ገባሁና ቤቱን ጠረግሁ፣ እንደገና ጠረግሁት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወልኩ። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ ሦስቴ ጠራ።

አነሳችው።