«ልዩ ልዩ» ውስጥ የገቡት ደብዳቤዎች

«እኔ እኮ አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም» አሉ የምክር ቤት አባሉ ጸሐፊ፣ ደብዳቤዎቹን ከማህደር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ። የማህደሩ ጀርባ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፎበታል።

አዋላጇ ዓይኗን ማመን አቃታት። እነዚህን ደብዳቤዎች ለማስጻፍ ያልለመነቻት፣ ያልተቆጣቻት ሴት የለችም። ከሥራ መልስ በስልኳ የምትመራው የእናቶች ገጽ አለ፤ እናቶች ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ስፌት ቁስል፣ ስለ ደም መፍሰስ ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። አዲሱ የኢንተርኔት ረቂቅ ሕግ ግን የሰውነት ክፍል በስሙ የሚጠራን ገጽ ሁሉ «ነውረኛ» ብሎ ሊዘጋ ነው። የምክር ቤት አባሉ ያሉበት ኮሚቴ ድምፅ የሚሰጠው ነገ ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ሕጉ መሆኑ እንዴት ጠፋዎት?»

«የቱ ጋ ተጽፎ? ይኸው ስሚኝ።» መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «‹ያ ቦታ ባመመኝ ጊዜ ደርሶልኛልና እንዳይነካብን።› የቱ ቦታ? ማነው የደረሰላት? ይህችኛዋ ደግሞ ‹ያው እርስዎም አባት ስለሆኑ ይገባዎታል› ብላ ትጨርሳለች። እኔ ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ አልገባኝም!»

አዋላጇ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ። ገጹ ላይ ምንም የማይደብቁት ሴቶች ለትልቅ ሰው ሲጽፉ ጊዜ ነገሩን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው ፊቱን አጥፍተውታል።

አብራት የመጣችው ወጣት እናት አንገቷን ደፋች። የመጀመሪያው ደብዳቤ የእሷ ነው። ጡቷ መግል ይዞ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ አማቷ «ብርድ ነው» እያሉ፣ እሷም ለባሏ ማሳየት አፍራ፣ ገጹ ላይ በጻፈችው ጥያቄ ነው ለጥቂት የተረፈችው።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ ሲስተር?» አለች በሹክሹክታ። «የምክር ቤት አባሉ እኮ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ትልቅ ሰው ጡት ሳይጠባ ነው ያደገው?»

ጸሐፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀስ በይ ልጄ። ለነገው ስብሰባ የደብዳቤዎቹን ማጠቃለያ የማዘጋጅላቸው ዛሬ ነው፤ ስለ ሕጉ የምትይው ካለሽ አሁን አስገቢ። ይኸው፣ ያንቺም እዚሁ አለ።»

ተቀብላ አየችው። «የእናቶችን አንዳንድ ጉዳዮች በተመለከተ» ይላል ርዕሱ። ከዚያ በታች ያለውም ጨዋነት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሁሉንም በስሙ እየጠራች የምታዋልድ ሴት! ሕጉ ገና ሳይጸድቅ እሷ ቀድማ ማክበር ጀምራለች። በራሷ በጣም ተናደደች።

«ወረቀት ይስጡኝ ጋሼ።»

እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አቀርቅራ ጻፈች። ጡት አለች፣ መግል አለች፣ የማሕፀን በር አለች። ይህን ሕግ እቃወማለሁ፣ ገጹ ቢዘጋ የሚሞቱ እናቶች አሉ፣ እርስዎም ይቃወሙልን አለች። ጸሐፊው ከላይ ሆነው እያነበቡ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ይህን እሳቸው ፊት እንዴት አድርጌ አነበዋለሁ? ያሳፍራል እኮ!»

«እሳቸው ትንሽ ቢያፍሩ ምን አለበት? ይህች ልጅ አፍራ ልትሞት ነበር።»

ጸሐፊው መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «እሺ፣ አነበዋለሁ። ግን ምክሬን ስሚኝ፤ የሥራ ቦታሽን አትጻፊ። የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ እንጀራሽን ያሳጡሻል።»

የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ኃላፊም ዛሬ ጠዋት «አርፈሽ ተቀመጪ» ብሏታል። ፈራች። የልጆቿ ነገር ትዝ አላትና እስክሪብቶው እጇ ላይ ቆመ።

«ሲስተር» አለች ወጣቷ እናት፣ «ስትጨርሺ አቀብዪኝ። የኔን እንደገና ልጽፈው ነው።»

አዋላጇ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ከሥሩ «አዋላጅ ነርስ» አለች፤ የጤና ጣቢያውንም ስም አስከተለች። «ያልገባዎት ቃል ካለ ይደውሉልኝ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ጨመረችና እስክሪብቶውን ለልጅቷ አቀበለቻት።