ከወንዝ ማዶ ያለው ዝግባ

አውጫጭኙ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። አዝማሪ ወንዳፈረው በጭራሮ በታጠረው ሜዳ ላይ ማሲንቆውን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ያበጠ እግሩን ያሻል። ሆሳዕና ገና ጥቂት የሣር ቤቶች ይዛ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች የወታደር መንደር በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ከጠፋ የአገሩ ወንድ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ገባር፣ አንድ ቦታ ይታገዳል። ገዳዩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም። የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳይወጣ ከፈራ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ለዳኛው ሹክ ይላል። በሦስት ቀን ውስጥ ግን አንዲት ወፍ እንኳ ዝር አላለችም።

የሞቱት ባላምባራስ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ራሳቸውን ተፈንክተው ከወንዙ ከብት ማጠጫ ድንጋይ ላይ ተገኙ፤ በርኖሳቸው የለም። ያገኛቸው ሀንዲሶ የሚባል የሀዲያ ገበሬ ነው። ከብት ሊያጠጣ ወርዶ፣ አይቶ፣ ጮኸ። ባይጮህ ይሻለው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማንም ስሙን አላነሣም፤ በሁለተኛው «በርኖሱን የገፈፈው እሱ ይሆን?» ተባለ፤ በሦስተኛው «ይሆን» ቀረና «ነው» ሆነ። እህሉ በየማሳው እየረገፈ ነው። ሰው ሲደክመው የሚፈልገው እውነቱን አይደለም፣ ቤቱ መግባቱን ነው። ሽማግሌዎቹም ከሰዓት በኋላ በሀንዲሶ ላይ ሊምሉ ተስማሙ። ከተማለበት ደግሞ መሰቀሉ ነው።

ወንዳፈረውም ደክሞታል። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ደጅ ሰው ደጅ ሲዞር ኖሮ፣ በስድሳ ዓመቱ ግራዝማች ኃይለመለኮት ከግቢያቸው ጥግ አንዲት ጎጆ ሰጥተውታል። ከጓሮዋ ሰባት እግር እንሰት አላት። «እዚሁ አርጅ፣ እዚሁ ሙት» ብለውታል። ከዚህ በፊት ማንም እንዲህ ያለው የለም።

ግራዝማች ግጥም ከምግብ ይበልጥባቸዋል። ለአዝማሪ ግጥም ሲሰጡ አንዲት ቃል ከተዛነፈችባቸው አይችሉም፤ አንድ ጊዜ በሰርግ መሐል ተነሥተው ሙሽሮቹን አስቁመው ወንዳፈረውን አርመውታል። «ያላየሁትን አልገጥምም» ማለትም ይወዳሉ። በባላምባራስ ለቅሶ ላይም ዓይናቸው ቀልቶ መጡና በጆሮው እንዲህ አሉት፤

«እንደ ሰርግ እንግዳ ሊጫወት ሲገባ፣
በርኖሱን ሰቀለ ከወንዝ ማዶ ዝግባ።»

ወንዳፈረው ሊያወጣው ማሲንቆውን ሲያነሣ ካህናቱ ፍታት ጀመሩ። ግጥሙ ሳይባል ጆሮው ውስጥ ቀረ።

አሁን ሽማግሌዎቹ ስለ በርኖሱ ሲያወሩ ሰምቶ ያ ግጥም ተመለሰበት። ሬሳው የተገኘው ከወንዙ ወዲህ ነው። ከወዲያ ጥሻ ነው፤ ሰው አይሻገርም፣ ከብት አይሰማራም። ታዲያ ግራዝማች ዝግባውን ከየት አመጡት? ያላዩትን አይገጥሙም።

ጎጆዋን አሰበ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ሀንዲሶን አክስቴ አልወለደችውም» አለ ለራሱ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንደሚሉትም ያውቃል። እንዲህ እያለ ሳለ ሀንዲሶ ራሱ አጠገቡ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ስለ እሱ የሚወራው አማርኛ እምብዛም አልገባውም።

«ላሜ ልትወልድ ነው» አለው። «ማታ ቤት እገባለሁ?»

ወንዳፈረው ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ዳኛው ወደ አቶ ወልደ ሰንበት ሄደ። ዳኛው አገጫቸውን በዘንጋቸው አስደግፈው ያንቀላፋሉ። «ወፍ ነገረችኝ» አላቸው፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ዝግባ ሰው ይላኩ። ለመከራከርም አቅም ስላልነበራቸው አሽከራቸውን ላኩ። አሽከሩ እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ ከጋቢው ሥር አንድ ነገር ደብቆ ተመለሰ። ዳኛው ከፈት አድርገው አዩና እንቅልፋቸው ጠፋ። ወፏ ማን እንደሆነች ጠየቁት። ወንዳፈረው ስም አልጠራም፤ ሰዉ ደክሞታልና ከመሐላው በፊት አንድ ሙሾ ላውጣ፣ በርኖሱም ለጊዜው ይሸሸግ ብሎ ለመነ።

ከሜዳው መሐል ተቀመጠ። ግራዝማች ከፊት ረድፍ ናቸው፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ወንዳፈረው ማሲንቆውን ገዘገዘ። ድምፁ ተሰብሯል።

«እንደ ሰርግ እንግዳ ሊጫወት ሲገባ፣
በርኖሱን ጣለ ከውሃው ሲገባ።»

ከዚህ የከፋ ግጥም በሕይወቱ አውጥቶ አያውቅም። ደገመው። ግራዝማች ፊታቸውን አጨማደዱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲለው፣ ሳያስቡት፣ እንደ ሰርጉ ቀን ብድግ አሉ።

«ምነው አንተ! ሲገባን ከሲገባ ቤት ታስመታለህ? በርኖሱን ሰቀለ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ዝግባ።»

ዳኛው በርኖሱን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉት። ግራዝማች በርኖሱን አዩ፣ ከዚያም ወንዳፈረውን አዩ፤ እዚያው በቆሙበት ቁጭ አሉ። ሳይጠየቁ ተናገሩ። የመሬት ድንበር ሊያዩ ሁለቱ ብቻ ተሻግረው ነበር። ነገር መጣ። ባላምባራስ ሊታገሉ በርኖሳቸውን ሰቀሉ፤ ግራዝማች ግን በዱላ መቷቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት» አሉ። ደራሽ ውሃ ሬሳውን ከማዶ ወደ ከብት ማጠጫው አመጣው።

ሰዉ ወደየማሳው ተበተነ። ሀንዲሶ ወደ ላሙ ሮጠ፤ ከምን እንዳመለጠ ያወቀ አይመስልም። ግራዝማችን ሲያስሯቸው ወንዳፈረውን በዓይናቸው ጠሩት። እርግማን ጠብቆ ቀረበ።

«ግጥሙስ?» አሉት ቀስ ብለው። «አላማረም?»

«ያማረ ነበር፣ ጌታዬ።»

አልዋሸም። አለመዋሸቱ ነው ያስለቀሰው።

ግቢው ሲደርስ አጎዛውና ጋቢው ከአጥሩ ውጭ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ ከበቡሽ በሩ ላይ ቆመዋል። አልሰደቡትም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከጋቢው ላይ ለመንገድ የሚሆን ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው አስቀምጠውለት ነበር። እጅ ነሥቶ፣ ዕቃውን ተሸክሞ የሺንሺቾን መንገድ ያዘ።