ቢጫው አውሮፕላን በማልያችን ላይ

የኤልምፎርድን የበረዶ ሆኪ ቡድን አርማ የሣልኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ቢነግራችሁ በስድብ ስለሚጀምር ነው። ቫልዲ ቶርዳርሰን እባላለሁ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጽፌ አዳሪ ነኝ። በማኒቶባ ሜዳ ስታልፉ «እንቁላል እንሸጣለን» የሚል ሰሌዳ አይታችሁ፣ እንቁላሉ ድንች ከመሰላችሁ የኔ እጅ ነው።

የድሮው አርማችን ጎፈር ነበር፤ ያ እርሻችንን ወንፊት የሚያደርገው አይጥ። ሌላው ከተማ ተኩላና ድብ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲመጣ፣ እኛ ገበሬ በመርዝ የሚያሳድደውን ፍጡር ለብሰን እንወጣለን። የቡድኑ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ክብር ያለው ነገር ይሣልልን» ብሎ ወሰነ። ኮሚቴው ማለት ሊቀ መንበሩ እኔ፣ ጸሐፊዋ ሚስቴ ጉድሩን፣ የቀሩት ደግሞ ለዶናቱ የሚመጡ ናቸው። እንግዲህ ራሴን በራሴ አዘዝኩ ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ክብር ሲባል የታየኝ ቢጫው አውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አየር ኃይሉ እኛ ከተማ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ነበረው። የጦር ሰፈሩ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ አንዷ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ግን መግቢያው ላይ ምሰሶ ላይ ተሰክታ ቀርታለች። እኔ ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሼ አላውቅም። በሕይወቴ የበረርኩት አንዴ ነው፣ ለጉድሩን እህት ሠርግ ወደ ቫንኩቨር፤ የራሴን የማስመለሻ ከረጢት ጨርሼ የጎረቤቴን ተበድሬያለሁ። ይሁንና ያቺን አውሮፕላን ስሥል ደረቴ ተነፍቶ ጀርመን ላይ ያንዣበብኩ መሰለኝ። ቀለሙ እንዳይሳሳት መሰላል ተደግፌ ወጥቼ ከሆዷ ሥር ፍቄ አመጣሁና ከዚያው ጋር አመሳስዬ በጠበጥኩ። ቡድኑንም «አብራሪዎቹ» አልነው።

አርማው የተገለጠ ዕለት ብረታ ብረት መሸጫው ዘንድ ምስማር ልገዛ ገባሁ።

«ቫልዲ፣ ይሄ ነገር የጣራ ማራገቢያ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«አውሮፕላን ነው።»

«እንግዲያስ የተከሰከሰ ነው።»

ይሄ ከደግ ሰዎች የሰማሁት ነው። በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ አንዲት መምህር «ሕፃናቱን ጦርነት አታልብሷቸው» ብላ ጻፈች። ከሥሯ አንዱ «የማይወድ አገር ይልቀቅ» ብሎ መለሰላት። እሷ ደግሞ የዚህ ከተማ ሰው ናት፣ የት ነው የምትለቀው? በአንዱ እሑድ አንዱ ቄስ ለአርማው ጸለየ፣ ሌላው አርማውን ገሠጸ፤ ሥዕሉ አያምርም በሚለው ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። ተጋጣሚዎቻችን ደግሞ እያንዳንዱ ግብ ሲገባብን በረዶው ላይ የወረቀት አውሮፕላን ያዘንባሉ። ከተማዋን አንድ አደርጋለሁ ብዬ ነበር፤ አደረግኋትም፣ እኔን በመስደብ አንድ ሆነች።

ያኔ ተስፋ የጣልኩት በዋርድ ሃሊዌል ላይ ነው። ዋርድ ዘጠናን ያለፈ፣ እዚያ ሰፈር ከሠለጠኑት በከተማችን የቀረ አንድ ሰው ነው። የቀድሞ ወታደሮች ክበብ ሄጄ ማልያውን ፊቱ ዘረጋሁለት። ይስመኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ቢጫ ማድረግ የግድ ነበር?» አለኝና ወደ ቢራው ዞረ።

ዓይኑ ደክሞ ነው ብዬ ወጣሁ።

አሁን ስለ ምንጣፉ ልንገራችሁ። ሆኪ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ደንብ አለ፤ መልበሻ ክፍል ወለል ላይ ያለ የቡድን አርማ አይረገጥም። የረገጠ ተጫዋች ወዮለት፣ ክፍሉን ሲጠርግ ይከርማል። እኔ ታዲያ አርማችን ያለበት ምንጣፍ ላሠራ ብዬ ክፍሉን ሳልለካ አዘዝኩ። ሲመጣ አውሮፕላኗ ከክንፍ እስከ ክንፍ ወለሉን ሞላችው። ከዚያ ወዲህ ግዙፎቹ ልጆቻችን ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ ሆዳቸውን ስበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከኩ ነው የሚገቡት። አንዱ እንዲያውም ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያልፍ ወድቆ ጎኑን ተጎዳ። በአርማዬ የተጎዳ የመጀመሪያው ወታደር እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ይሳቃል። ያላሳቀኝ የኮርኒ ነገር ነው።

ኮርኒ ቴቭዝ በረኛችን ነው፤ ከሊንደንታል፣ ከሜኖናይቶቹ መንደር። እሱ ባይኖር ጎፈርም ሆንን ንስር ለውጥ የለውም። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ያሳደገው አያቱ ያኮብ ነው። የበረዶ ጫማውን ክር ያሠረለት፣ ልምምድ ያመላለሰው እሱ ነው። ያኮብ ሁልጊዜ ከልጁ መረብ ጀርባ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ያያል፤ በየዕረፍቱ መረቡ ሲቀየር እሱም ወንበሩን ይቀይራል። አይጮኽም፣ አያጨበጭብም። ልቡ ደክሟል፤ ይህ ክረምት የመጨረሻው መሆኑን ሐኪሙም እሱም ያውቃሉ።

የውድድሩ ወሳኝ ጨዋታ ሲቃረብ ኮርኒ ሱቄ መጣ። እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«ቫልዲ፣ አያቴ አዳራሽ ካልገባ አልጫወትም።»

«ከለከለህ እንዴ?»

«እሱማ ተጫወት ነው የሚለኝ። ግን ማልያውን ያየ ቀን ከበር ተመለሰ። አሁን መኪናው ውስጥ በብርዱ ቁጭ ብሎ በሬዲዮ ነው የሚከታተለኝ። እሱ ውጭ እየተንቀጠቀጠ እኔ እዚህ ግብ ልጠብቅ? በዚህ ክረምት?»

ተጠባባቂው በረኛ ሥጋ ሻጩ ዳሪል ነው፤ በዱላ የምትመታዋ ጠፍጣፋ ጎማ ስትመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ያሳሰበኝ ዳሪል አልነበረም። ሽማግሌው መኪና ውስጥ መቀመጡ ነው።

ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። ሜኖናይት በሃይማኖቱ ጦር አያነሣም፤ ያኮብም በጦርነቱ ጊዜ አልዘምትም ብሎ፣ በዘመቻው ፋንታ በዱር ካምፕ ዛፍ ሲተክል የከረመ ሰው ነው። የጦር አውሮፕላን የልጅ ልጁ ደረት ላይ እንዴት ይወዳል? በማግስቱ ማልያ ይዤ ሊንደንታል ሄድኩ። ወጥ ቤቱ አስገባኝና አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበውን የሜኖናይቶቹን ዳቦ ከቅቤ ጋር አቀረበልኝ።

«አባባ ቴቭዝ፣ ጅራቱ ላይ ርግብ ብጨምርበትስ?» አልኩት።

«ርግቧ ምን አጠፋች?»

«በነጭ ፕላስተር ብንሸፍነውስ?»

«ሌሎቹ ልጆች በምን ዕዳቸው? አውሮፕላኑን ተወው፣ አውሮፕላን ነው።»

ማልያውን ስቦ አውራ ጣቱን ቢጫው ላይ አሸት አደረገ፤ ቀለም መድረቁን እንደሚያይ ሰው።

«ይሄን ቀለም ከየት አመጣኸው?»

«ከራሷ ከአውሮፕላኗ ነው» አልኩት ኮራ ብዬ። «ምንም ልዩነት የለውም።»

«አዎ፣ ምንም የለውም» አለ። ማልያውን አጥፎ መለሰልኝ። «ልጁ በኔ ምክንያት መቅረት የለበትም። ቅዳሜ መልበሻ ክፍል መጥቼ ራሴ እነግረዋለሁ። ከዚያ ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ።»

ግማሽ ድል ነው ብዬ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ይባስ ብሎ ብልሃት መጣልኝ። ከወሳኝ ጨዋታ በፊት የከተማው አንድ ሽማግሌ መልበሻ ክፍል ገብቶ ቀድመው የሚሰለፉትን ልጆች ስም ያነባል፤ ለተጋበዘው ትልቅ ክብር ነው። ዋርድን ጋበዝኩ። ወታደሩና ጦርነት የማይወደው ሰው ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ ዋርድ ስለ አውሮፕላኗ አንድ ደግ ነገር ይናገርና የያኮብ ልብ ይራራል ብዬ ነው። ጉድሩን «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» አለችኝ። ሁለቱ በዚያ አዳራሽ ሰባ ዓመት ሙሉ አንዱ ካለበት ሌላው በበረዶው ማዶ እየተቀመጠ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ሲባባሉ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔ ያንን አስተውዬው አላውቅም። እኔ የማየው ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ያኮብ በመኪና ማቆሚያው በኩል በከዘራ እየተደገፈ ገባ። ልጆቹ ለባብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ኮርኒ ብቻ በካናቴራ ነው። ሽማግሌው ምንጣፉ ጫፍ ሲደርስ የሁሉም ዓይን እግሩ ላይ ሆነ። ደንቡን የነገረው የለም። የሚጠላውን ነገር ረግጦ ቢያልፍ ደግሞ ማን ይፈርድበታል?

ቆመ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ልክ እንደ ልጆቹ ግድግዳውን ይዞ፣ በዚያ በደከመ ልቡ እያረፈ መዞር ጀመረ። ልጆቹ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ሰጡት።

«አባባ፣ አይረገጥም ብሎ ማን ነገረዎት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«መነገር አለበት እንዴ? በዚህ አውሮፕላን ሲማሩ የሞቱ ልጆች አሉ። አንዱ የወደቀው እኛ ማሳ ላይ ነው፤ አባቴ ነው በእጁ ያነሣው። እንዴት ብዬ እረግጠዋለሁ?»

ያን ጊዜ በሌላው በር ዋርድ ገባ፤ የስም ወረቀቱን ይዞ፣ ቦቱ በበረዶ ተለውሶ። ያኮብን ሲያይ ባለበት ደረቀ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተራመደ፤ በክንፉ፣ በሞተሩ፣ በአውሮፕላኗ መሐል ለመሐል። ልጆቹ ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ዋርድ፣ አርማው» አልኩ።

«ዘጠና አልፎኛል፣ አንተ ልጅ። ዞሬ ለመድረስ ጊዜ የለኝም።»

እኔ «አንተ ልጅ» የተባልኩት ስድሳ ሊሞላኝ ነው።

«ያኮብ» አለ ዋርድ።

«ዋርድ።»

«የናንተን በር የቀባሁት እኔ ነኝ። ቢጫውን ከሰፈሩ መጋዘን የሰረቅሁትም፣ ብሩሹን የያዝኩትም እኔ። አብረውኝ የነበሩት ሞተዋል፣ በነሱ አላሳብብም።»

ራሴ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ የተደፋ መሰለኝ። በዚያን ዘመን ዘመቻ እንቢ ያሉትን ሰዎች ፈሪ ለማለት፣ የፈሪ ቀለም ነው የሚባለውን ቢጫ ቤታቸው ላይ ይቀቡባቸው ነበር። ይህን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ቀለም ሙያዬ ነው ብዬ የምኮራው ሰውዬ፣ ያንኑ ቢጫ በመሰላል ወጥቼ ለቅሜ፣ አስተካክዬ በጥብጬ፣ ለዚያ ሰው የልጅ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፌለታለሁ። ከዚያም ርግብ ልጨምርልህ ብዬዋለሁ።

«አውቃለሁ» አለ ያኮብ።

«ማን ነገረህ?»

«ከበሩ ኋላ ነበርኩ። በስንጥቁ አይቼሃለሁ።»

ዋርድ አንድ እርምጃ ቀረበው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ?»

«ትመጣለህ ብዬ ነው።»

«ይኸው መጣሁ።»

«ቆየህ» አለ ያኮብ፣ እጁንም ሰጠው።

ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። እንደኔ ያለ ሰው ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ዝም ማለት አይሆንለትም።

«አባባ ቴቭዝ፣ ነጭ ላድርገው? ለሚቀጥለው ጨዋታ ይደርሳል።»

ያኮብ ወደኔ ዞረ። አልተቆጣም። «አባቴም በሩን ነጭ ቀብቶት ነበር። በጋ በመጣ ቁጥር ቢጫው ከሥር ይወጣል፤ እንደገና ይቀባዋል፣ እንደገና ይወጣል። እናቴ በመጨረሻ ተወው አለችው። በዚያ በር ነው ወጥተን የገባነው፣ ቀብረን የዳርነው። አንተም ተወው። ማን እንደቀባው ከተነገረ እኔ ማየት አያቅተኝም።»

ዋርድ ወረቀቱን ሊያነብ ሞከረ፤ መነጽሩ ረጥቦ አልታየውም። ለያኮብ ሰጠው። ያኮብ ከተከላካዮቹ ጀምሮ ቀስ ብሎ አነበበ። «በረኛ» ሲል ቆም አለ። «በረኛ፣ ኮርኔሊየስ ቴቭዝ።»

ኮርኒ ማልያውን በራሱ ላይ አጠለቀና ጭንብሉን ቶሎ አወረደ። ዋርድ ያኮብን ክንድ ደግፎ ወደ አዳራሹ አወጣው፤ ከመረቡ ጀርባ አብረው ተቀመጡ።

ተሸነፍን፣ ያውም ክፉኛ። ኮርኒ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ክፉ ተጫውቶ አያውቅም፤ ዳሪል እንኳ «እኔ እሻል ነበር» ብሎ አወራ። የገባበትን ግብ ሁሉ አያቱ በሬዲዮ ሳይሆን ከኋላው ሆኖ በዓይኑ አየ።