የበሩ ጸናጽል

«ለክፋት ብዬ አይደለም» አለ ጌጡ፣ ከቤቱ ኮምፒዩተር የነቀለውን የኤሌክትሪክ ገመድ በታላቅ ወንድሙ በመሪጌታ አስረስ መዳፍ ላይ እያኖረ። «ለቅሶ የሚደርሰው ሰው በገባ ቁጥር ከቤቱ ውስጥ ጸናጽል ይመታል። ልጁን ቀብሮ ማኅሌት ቆመ አይሉዎትም?»

መሪጌታው አልተቆጡም። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት።

«መቼ ነቀልኸው?»

«የቀብሩ ዕለት። ዛሬ መልሼ ብሰካው ግን ዝም አለ።»

ሠልስቱ ትናንት ወጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው፤ ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የሚያወሩትም ስለ መሪጌታው ነበር። ዐይናቸው በስተርጅና የጠፋባቸው፣ ሚስታቸውም ቀድማ ያረፈች ሰው፣ አሁን ደግሞ አብራቸው የምትኖረው ታላቂቱ ልጃቸው ጽጌ ከነፋስ መውጫ ስትመለስ ገሳይ አጠገብ በመኪና አደጋ ከሞተችባቸው በኋላ፣ እንዴት ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ?

«ከአርባዋ በኋላ አንበሳሜ እኔ ዘንድ ይመጣሉ» አለ ጌጡ። «ዘመዱ ሁሉ ተስማምቷል። ዮርዳኖስም ሥራዋ ይፋግ ነው፤ ነርስ ሥራዋን ጥላ ቤት አትጠብቅም።»

ታናሺቱ ልጃቸው ዮርዳኖስ አንገቷን ደፋች።

ጽጌ በከተማው የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ነበረች። የአባቷ ዐይን ሲጠፋ የጸሎት መጽሐፍ የምታህል አንዲት ኮምፒዩተር ቁም ሳጥኑ ላይ አኑራ የቤቱን ነገር ሁሉ ለእርሷ አስረከበቻት። የግቢው በር ሲከፈት ጸናጽል፣ ምድጃው ሳይጠፋ ሲረሳ ደወል፣ የውኃው በርሜል ሲሞላ ከበሮ ይሰማል። ድምፆቹን ጽጌ ራሷ ከደብሩ ቀድታ አምጥታቸዋለች። እርሷ ቀኑን ሙሉ ስታስተምር መሪጌታው ያለ ሰው ድጋፍ ይውላሉ፤ ማታ ስትመለስም በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ዳግመኛ ትከፍታለች። ጸናጽሉ ሁለት ጊዜ ሲመታ፣ «ደኅና ዋልሽ?» ይሏታል፣ ገና ደጁን ሳትረግጥ።

«ቤቱ እንደ ነበረው ከተመለሰ እዚሁ እኖራለሁ» አሉ መሪጌታው። «ካልተመለሰ አንበሳሜ እሄዳለሁ። ነገሩ በዚህ ይለቅ።»

«ማን ሊመልሰው ጋሼ? የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች።»

«እኔም ዐውቃለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ካሉት መካከል፣ ኀዘኑ አእምሯቸውን ነካው ብለው የፈሩም ነበሩ።

ባለፈው ክረምት፣ ጽጌ ለሥራ ከከተማው ወጥታ ሳለ፣ መብራት በድንገት ሄዶ ተመለሰና የኮምፒዩተሯ ሚሞሪ ተበላሸ። ቤቱ ዝም አለ። ምድጃው ላይ የተጣደው ሽሮ ከሰለ፣ መሪጌታውም ድስቱን ሲያነሡ እጃቸው ተቃጠለ። ጽጌ በተመለሰች ጊዜ ፋሻውን አየች።

«አባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቀጽላሉ» አለች።

ቅጸላ የቆሎ ተማሪ ትምህርት ነው፤ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ መምህሩ የሚለውን ተቀብሎ እስኪያደርሰው ድረስ በቃሉ ይላል። ጽጌ በልጅነቷ እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው የአባቷ ተማሪዎች ሲቀጽሉ እየሰማች ነው።

«መሪጌታ የምታስቀጽል ሴት በየት አገር አለች?»

«እዚሁ። ይበሉ፣ ሚሞሪውን አውጥቶ ከምን ላይ ነው የሚሰካው?»

አንዲት ነገር ሲዘሉ ታስቆማቸዋለች።

«ተማሪዎ ቢስት ምን ያደርጉት ነበር?»

«ከመጀመሪያው እመልሰው ነበር።»

«እንግዲያስ ይመለሱ።»

ክረምቱን እንዲህ መላለሰቻቸው።

አሁን ዮርዳኖስ የእኅቷን ላፕቶፕ አምጥታ ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። መሪጌታው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸው ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ የነበረው ድምፅ ሆነ።

«ገመዱ በድንገት ሲነቀል እንደ ክረምቱ ሚሞሪው ተበላሽቷል። ከኮምፒዩተሯ አውጪውና ላፕቶፑ ላይ ስኪው። ጽጌ ከላፕቶፑ ጋር ባስቀመጠችው ፍላሽ ላይ ሶፍትዌር አለ፤ እርሱን እንደ አዲስ ጻፊበት። ጨረስኩ ሳይል እንዳትነቅይው።»

ዮርዳኖስ እንዳሏት አደረገች።

«ጨረሰ፣ አባ።»

«ወደ ቦታው መልሺው። አስቀድሞ የኢንተርኔቱ ገመድ፣ ከዚያ የኤሌክትሪኩ። ከዚህ በኋላ እጅ አይነካትም። የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ከነመልክኡ እስኪደርስ ትጠበቃለች።»

ጸሎቱን ጀመሩ። ከኮምፒዩተሯ ግን ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አልታየም፣ ምንም አልተሰማም። ጌጡ ሦስቴ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ይቺማ ሞታለች» አለ በመጨረሻ። «ነቅለን ብንሰካት ይሻላል።»

እጁን ወደ ገመዱ ሲዘረጋ የልብሱን ኮሽታ የሰሙት መሪጌታ፣ ጸሎቱን ሳያቋርጡ አንጓውን ያዙት። መልክኡ እስኪያልቅ አልለቀቁትም።

«አሁን የኮምፒዩተሯን ገጽ በላፕቶፑ ክፈቺው» አሉ።

የላፕቶፑ ገጽ በራ።

«የቀድሞውን መልስ የሚል ታያለሽ። ፍላሹ ላይ ያለውን ቅጂ ስጪው።»

«የይለፍ ቃል ይላል፣ አባ።»

«እርሱ በሰው ፊት አይባልም ብላኛለች።» ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ነገሯት። «የአስረስ ልጅ» የሚል ነበር። ዮርዳኖስ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጻፈችው።

ደግሞ ተጠበቀ። አሁን ጌጡ እጆቹን በጋቢው ውስጥ ሸሽጓል። ዮርዳኖስ «የነበረው ሁሉ ተመልሷል ይላል» ስትል መሪጌታው በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ማንም እንዳይመራቸው በእጃቸው ከለከሉ። ግቢውን ተሻግረው የበሩን መቀርቀሪያ ሳቡ።

ከቤት ውስጥ ጸናጽሉ ተሰማ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «መሪጌታ፣ ይህን ሁሉ ከማን ተማሩት?»

«ትናንት ሠልስቷን ያወጣንላት መምህሬ ናት ያስተማረችኝ» አሉ፣ ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ።

ከዚያም በሩን ዘጉት። ጥቂት ቆይተው ዳግመኛ ከፈቱት፤ ጸናጽሉም ሁለተኛ መታ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ጌጡ ብቻውን ወደ አንበሳሜ ተመለሰ።